«መጨረሻው ሁሌ ጭቃ ይሆንብኛል»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሐዋሳ የምኖር የ34 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ከተዝካሩ በኋላ ቀለም ገዝቼ ማታ ማታ መሣል ጀመርኩ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም፤ ሰው መሣልም አልችልም። ስሜትን ለማውጣት አብስትራክት ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። ግን ሐዘኔን ልሣል ብዬ ስቀመጥ ምን እንደማደርግ ይጠፋኛል። ጥቁርና ሰማያዊ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቀይ እጨምራለሁ፣ መጨረሻው ሁሌ ቡናማ ጭቃ ይሆንብኛል። ባለቤቴ አይቶ ‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?› አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዱን፣ አረንጓዴ የበዛበትን፣ ልጥለው አስቤያለሁ። እውነት ስሜት እንዲህ ይገለጻል? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?»

ነፍስ ይማር፣ እኅቴ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚኝ፤ ከመጨረሻዋ እኅቴ ታንሻለሽ።

ከጭቃው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ጭቃ የሚሆነው ውስጥሽ ስለደፈረሰ አይደለም። የመጀመሪያው ቅብ ሳይደርቅ ሌላ ቀለም ስለምትጨምሪበት ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አንድ ላይ ከታሹ ቡናማ ይወጣቸዋል። ቀይ ከአረንጓዴ ጋር ቢሆንም ያው ነው፤ አረንጓዴው ውስጥ ቢጫና ሰማያዊ ስላሉ ቀዩ ሲመጣ ሦስቱም ተገናኙ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥቁር ሲጨመርበት የክረምት መንገድ ይሆናል። ይኼ የቀለም ጠባይ ነው። ከሐዘንሽ ጋር ምንም አያገናኘውም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ለአንድ ሥዕል ሁለት ቀለምና ነጭ ብቻ ያዢ። ሌላውን ቱቦ መሳቢያ ውስጥ ክተቺና ቆልፊበት። ሁለተኛው፣ ቅቡ ይድረቅ። የምትጠቀሚው አክሪሊክ ከሆነ በእኛ ከተማ የበጋ ሙቀት ስስ ቅብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። በክረምት ትንሽ መታገስ ነው። ለተማሪዎቼ ቡና አፍሉ እላቸዋለሁ። አንደኛውን ቅብ ቀቢና አቦሉን ጠጪ። ሁለተኛውን ቀቢና ቶናውን። በረካ ላይ ስትደርሺ ሦስት ንጹሕ ቅብ አለሽ፣ ጭቃም የለም። ቡና የማትጠጪ ከሆነ ዕቃ እጠቢ።

የባለቤትሽ «ምንድን ነው?» አይፈረድበትም። ሥዕል ሲባል ያደግነው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ እያየን ነው። ከዚያ የንጉሥ ፎቶ፣ ከዚያ በየሆቴሉ ግድግዳ የተሰቀለች ጀምበር። (በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የምትጠልቅ ጀምበር ሥዕል ስንት እንደሆነ ቢቆጠር ከዓሣው ይበልጣል። እኔም ሥዬ ሸጫለሁ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ።) ዓይናችን ሥዕል ውስጥ ዕቃ መፈለግ ለምዷል።

ጆሯችን ግን እንዲህ አይደለም። ባለቤትሽ ክራር በትዝታ ቅኝት ሲመታ ይስማ። ዘፋኝ አይኑር፣ ግጥም አይኑር። «ይሄ ምንድን ነው?» አይልሽም። ዝም ይላል። ምናልባት መስኮት መስኮቱን ያያል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ያ ርቀት ትንሽ ሲቀየር የሰው ሆድ ይቀየራል። ማንም አስተምሮን አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ገብቶን ነው። አብስትራክት ያልሽው ረቂቅ ሥዕልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በመስመር መካከል ያለ ርቀት፣ የቀለም ጥግግት፣ የእጅ ፍጥነት።

ይህን ሙዚቃና ሥዕል የማመሳሰል ነገር በጽሑፍ አጥብቆ የያዘው ሩሲያዊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ሞስኮ ተወለደ። ሕግ ተምሮ ያስተምር ነበር። ሥዕል ልማር ብሎ ሁሉን ጥሎ ሙኒክ ሲሄድ 30 ዓመቱ ነበር። «ተምሬ አላውቅም» ስላልሽኝ ነው ይህን የማነሳልሽ። ካንቺ ብዙም ቀድሞ አልጀመረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሐዘኔን ልሣል ብዬ ስቀመጥ» ብለሻል። የምትጠፊው እዚያ ጋ ነው። «ሐዘን» ብለሽ ከተነሳሽ እጅሽ የሚያገኘው ምልክት ብቻ ነው፦ የእንባ ጠብታ፣ የተሰነጠቀ ልብ፣ ጥቁር ከለር። ጥቁርና ሰማያዊውን ያመጣሽው ከዚያ ይመስለኛል። ያንቺ ሐዘን አይደለም፤ የሁሉም ሰው ነው። የለቅሶ ቤት ነጠላ እንደ መዋስ ነው።

ቋንቋችን ግን ሌላ በር ከፍቶልናል። አማርኛ ስለ ስሜት ሲናገር መጀመሪያ የሆድ ዕቃ ይጠራል፣ ከዚያ ግሥ ያስከትላል። ሆዴ ባባ። አንጀቴ ተላወሰ። ቆሽቴ አረረ። ሐሞቴ ፈሰሰ። ልቤ ተንጠለጠለ። ልቤ ቀጥ አለ። ደሜ ፈላ። ሆዴን ባር ባር አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እስቲ ግሦቹን ብቻ ነጥለሽ ተመልከቻቸው። መባባት፣ መላወስ፣ ማረር፣ መፍሰስ፣ መንጠልጠል፣ ቀጥ ማለት፣ መፍላት። አንዳቸውም ሰው የመሣል ችሎታ አይጠይቁም። ሁሉንም በአንድ ቁራጭ ከሰል ወረቀት ላይ ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ማታ ስትቀመጪ «ምን ተሰማኝ?» አትበይ። «የቱ ጋ ነው? ምን እያደረገ ነው?» በይ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርጊው። ደረት ላይ ሊሆን ይችላል። ጉሮሮ ላይ ሊሆን ይችላል። ተጭኖሻል? እየሳበሽ ነው? እየቆነጠጠ ነው? ወይስ ምንም የለም፣ ባዶ ነው? ባዶም መልስ ነው። ግሡን ስታገኚው ጮክ ብለሽ በዪው። ከዚያ የምድጃ ከሰል አንሺ። የድሮ ካሌንደር ጀርባ ይበቃል። ያንን ግሥ ሃያ ጊዜ አድርጊው። አሥሩን ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ አምስቱን በግራ እጅሽ። በግራ እጅ የምልሽ ቀኝ እጅሽ ስለሚያውቅብሽ ነው፤ የባንክ ፊርማ የለመደ እጅ ሁሉን ነገር ማሳመር ይፈልጋል። ከሃያው አንዱ ጋ ስትደርሺ «ይኼ ነው» ትያለሽ። ለምን እንደሆነ አታውቂም። እሱን ለይተሽ አስቀምጪ። ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ታቦር ተራራ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ አዋቂዎችን አስተምር ነበር። ዘጠኝ ነበሩ። አንድ ቀን ለሁሉም ሁለት ሁለት ወረቀት ሰጠኋቸው። በአንዱ ላይ «ቆሽቴ አረረ»ን፣ በሌላው «ሆዴ ባባ»ን በከሰል ብቻ እንዲያደርጉ። ፊደል የለም፣ ሰው የለም፣ ልብ የለም። አሥራ ስምንቱን ወረቀት ቀላቅዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። «ለዩ» አልኳቸው። ከሁለቱ በቀር ሁሉንም ለዩ። ከመካከላቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ሥዕል ይዘው የማያውቁ። ከእነዚያ ሁለት በቀር አንድም አልተሳሳቱም። «ይቺ ቆሽት ናት፣ ትቧጭራለች። ይቺ ሆድ ናት፣ ትንፋሽ አላት» አሉ።

ያስቸገሩት ሁለቱ ወረቀቶች የአንዲት ሴት ነበሩ። «ሆዴ ባባ» ብላ የሠራችው ከሰሉ ተሰባብሮ፣ ወረቀቱ ተቀዶ ነበር። ሁሉም «ቆሽት» አሉት። እሷም ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ወንድሟ ሞቶባት ነበር። ትንሽ ቆይታ «ተናድጄበታለሁ እኮ» አለች። «ታመምኩ ሳይለኝ ሄደ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ፤ ሄጄ ሻይ አዘዝኩ።

ይህን የማወራሽ በጥያቄሽ ውስጥ አንዲት ቃል ስለያዘችኝ ነው። «ከዚያ ቀይ እጨምራለሁ» ብለሻል። ለምን እንደምትጨምሪ አልጻፍሽም። እኔ ስለ አንቺ አላውቅም፤ ከሩቅ ሆኜ ቀይሽን ልፈታልሽ አልነሳም። በሥዕል ቀለም ጠንቋይ የሚሆኑ ሰዎች ያበሽቁኛል። ግን ዛሬ ማታ ቀዩን ብቻውን አውጪው። ጥቁሩንና ሰማያዊውን ተዪ። ቀይና ነጭ ብቻ ይዘሽ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ እዪው።

ይኸ ሰው ሁሉ ቅርጽን ከስሜት ጋር ማዛመዱ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮህለር እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለት ቅርጾችን አወጣ፤ አንዱ ሹል ሹል፣ ሌላው ክብ ክብ። ትርጉም የሌላቸው ሁለት ቃላትም አቀረበ። አንዱ «ታኬቴ» ነበር፤ ሌላኛው በኋላ «ማሉማ» በሚለው ታወቀ። የቱ ቃል ለየቱ ቅርጽ ነው ሲባል ብዙው ሰው ታኬቴን ለሹሉ፣ ማሉማን ለክቡ ይሰጣል። በሌሎች ቋንቋ ተናጋሪዎችም ተሞክሮ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነገር ወጥቷል። የእኔ ሾፌርም ይህን ሳያውቁ አውቀውታል።

እንግዲህ መሣሪያሽ ምንድን ነው? ከቀለም በፊት ክብደት አለ። ከሰሉን ስትጫኚውና ቀለል ስታደርጊው መስመሩ ይለያያል። ፍጥነት አለ። በአንድ ትንፋሽ የተሳበ መስመርና ቀስ ተብሎ የተጎተተ መስመር፣ እኩል ቢረዝሙ እንኳ፣ አንድ አይደሉም። እነዚህን ሁለቱን ባንድ ሳምንት ትለምጃቸዋለሽ።

የሚከብደው ጠርዝ ነው። አንድ ቀለም ሌላውን የሚነካበት ቦታ። እንደ ቢላዋ የተቆረጠ ጠርዝ ዓይንን ያስቆማል። የሟሸሸ ጠርዝ ደግሞ ዓይን የት እንደሚቆም እንዳያውቅ ያደርጋል። ሆድ ሲባባ ጠርዝ ይጠፋል፤ ልብ ቀጥ ሲል ጠርዙ ስል ነው። አሜሪካዊው ማርክ ሮትኮ ዕድሜውን በዚህ ላይ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ትልልቅ ሸራ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ የቀለም መደቦች፣ ጠርዛቸው የተነፈሰበት የሚመስል። ቀለሙን እንደ ሻይ አቅጥኖ፣ ቅብ በቅብ ላይ ይደራርብ ነበር። ስለዚህ የታችኛው ከላይኛው ሥር ያበራል። የሚያሳስበው ቀለም ሳይሆን የሰው ልጅ መሠረታዊ ስሜት እንደሆነ ይናገር ነበር። ሂውስተን ከተማ ውስጥ እሱ ሞቶ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ የጸሎት ቤት አለ። ውስጡ 14 ሥዕሎቹ አሉ፤ ጥቁርና ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ናቸው። ሰዎች እዚያ ገብተው ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የሚታይ ነገር የለም።

ሌላው ባዶ ቦታ ነው። ጀማሪ ሁሉ ወረቀቱን ይሞላል፤ አንቺም ሳትሞይ አትቀሪም። የሰው አለመኖርን ልትሠሪ ፈልገሽ ከሆነ ግን ያለ ባዶ ቦታ እንዴት ይሆናል? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ውረጂ። አንድ ጀልባ ሩቅ ላይ ይታያል፣ ሌላው ሁሉ ውሃ ነው። ጀልባዋን ትንሽ ያደረጋት ውሃው ነው። ከወረቀትሽ አሥር እጅ ዘጠኙን ባዶ ተዪው። በቀረችው አንድ እጅ ቦታ ላይ ብቻ ሥሪ፤ መሃል ላይም አይሁን፣ ወደ ጠርዝ ገፍተሽ አድርጊው። «ባር ባር አለኝ» የሚለውን በዚህ መንገድ ሞክሪው።

መቼም ሐዋሳ ነሽና እግረ መንገዴን አንድ ልምምድ ልጨምር። ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሂጂ። ዓሣ አትብዪ፣ እሺ ብዪም፣ ግን ከሰልና ደብተር ያዢ። ትልቁን ወፍ፣ አባ ኮዳን አትሣዪው፤ በቱሪስት ፖስትካርድ አልቋል። ሲያርፍ ክብደቱ እንዴት እንደሚወድቅ ብቻ በአንድ መስመር ያዢ። ቆሮሶ ዓሣ የሚገፍፉትን ልጆች እጅ እዪ። ቢላዋው እንዴት ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ፣ ያንን ፍጥነት ብቻ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሃያ ገጽ መስመር ይኖርሻል። ማንም «ዓሣ ነው» አይልም። አንቺ ግን የትኛው የየትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማታ ስለ ራስሽ ስትሠሪ እጅሽ ቃላት አገኘ ማለት ነው።

ስለ ቀለም ትርጉም ብዙ አልልም። ካንዲንስኪ ቢጫ ወደ ተመልካቹ እየመጣ ያስጨንቃል፣ ሰማያዊ ወደ ውስጥ እየራቀ ይጠራል ይል ነበር። ለሱ ይሁን። ለእኔ ቢጫ አደይ አበባ ነው። በዚህ ላይ ቧንቧ ሲጠፋ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው። ሁለቱም ባንድ ቀለም ውስጥ ይኖራሉ። የራስሽን መዝገብ ሥሪ። በደብተር ላይ አንድ አንድ ጣት የሚያክል ቀለም ቀቢና አጠገቡ መጀመሪያ የመጣልሽን ነገር ጻፊ። የአባትሽ ካፖርት ምን ዓይነት ግራጫ ነበር? የሆስፒታሉ ግድግዳ? የመጀመሪያ ደብተርሽ ሽፋን? ከሰው መጽሐፍ የተገለበጠ «ሰማያዊ = ሐዘን» ምንም አያደርግልሽም። የአባትሽ ካፖርት ግራጫ ያደርግልሻል።

ዕቃ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለልምምድ አክሪሊክ አታባክኚ። ቀለም ቤት ሄደሽ ነጭ የግድግዳ የውሃ ቀለምና ሁለት ትንንሽ ማቅለሚያ ግዢ። ማቅለሚያውን ግን ብቻውን አትቀቢ፤ በነጩ ውስጥ አሟሚው፤ ከአንድ አሥረኛው እንዳይበልጥ። ከበዛ አይደርቅም፣ እጅሽ ላይ ሲጣበቅ ትከርሚያለሽ። ለመሥሪያ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ከአናጢ ቤት ይገኛል። አቡጀዲም ይሆናል፤ ፍሬም ላይ ወጥረሽ ነጭ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነሽ ቀቢበትና ይድረቅ። ከዚያ ኮላ፣ ነጭ ቀለምና የደቀቀ የጠመኔ ዱቄት ቀላቅለሽ ሁለቴ ደርቢበት። ሠዓሊዎች ይህን መደብ «ጌሶ» ይሉታል። ግንበኞቻችን ለኮርኒስ የሚጠቀሙበት «ጀሶ» ያው ቃል ነው፤ ሁለቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የግንበኛውን ጀሶ ራሱን ግን አትጠቀሚ፤ ቶሎ ይጠነክርና ጨርቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የስቱኮ ስፓቱላ ግዢ። ከብሩሽ ይልቅ እሱ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ዝርዝር ሥራ አያሠራሽም።

የግድግዳ ቀለም ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል። ለልጅ ልጅ የሚቀር ሥራ አይሆንም። ለአሁኑ ይበቃል።

«ራሴን እያታለልኩ ነው?» ላልሽው። ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚሉሽ አይጠፉም። ለገብረ ክርስቶስ ደስታም ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ጀርመን ተምሮ፣ ሲመለስ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ረቂቅ ሥዕልን እዚህ አገር ካስገቡት ቀዳሚው ነው። ይኼ የኢትዮጵያ አይደለም ተብሏል። በስደት እያለ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። አዲስ አበባ ስትሄጂ ግቢ። ከፎቶ ይልቅ ቀለሙን በዓይንሽ ብታዪው ይሻላል፤ ብሩሹ የሄደበት ይታያል።

ደግሞስ ረቂቅ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? የብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚሣለውን ሐረግ አስቢው። ደብተራዎች ለታማሚ የሚጽፉትን የክታብ ብራናም አስቢው። በሰውየው ቁመት ልክ ይቆረጣል። ዓይን፣ መረብ፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይሣልበታል። ታማሚው እንዲያየው ነው የሚሠራው፤ ለጌጥ አይደለም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከዚያ ብዙ ወስዷል። የአንድ ሰው ሕመም በሰውየው ቁመት ልክ በቅርጽ መሥራት አያቶቻችን ያውቁት ነበር። እንዲያውም አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ በራስሽ ቁመት ልክ አንድ አቡጀዲ ቁረጪ። ርካሽ ነው። ወለል ላይ አንጥፈሽ ሥሪበት።

ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ትንሽ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 39 አዋቂዎችን ለ45 ደቂቃ በሸክላ፣ በማርከርና ወረቀት ቆራርጦ በመለጠፍ እንዲሠሩ አደረገ። ከመጀመራቸው በፊትና ሲጨርሱ ምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል፣ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ሆርሞን፣ ተለካ። ከአራቱ ሦስቱ እጅ ያህሉ ላይ ቀንሷል። የተማረና ያልተማረ ልዩነት አላመጣም። ትንሽ ጥናት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ላይ ደግሞ አልቀነሰም። እኔም በክፍሌ የማየው ይህንኑ ነው፤ ብዙው ሰው ቀለል ብሎት ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከብዶት።

ስለዚህ እንደ ታላቅ ወንድም አንድ ነገር። ሠርተሽ ስትጨርሺ እንቅልፍ እየነሳሽ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖር ካታከተሽ፣ ሥዕሉን አቁሚና የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሐዋሳ ውስጥ አገልግሎቱን የሚሰጥ ሆስፒታል አለ። እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ከከሰልና ከጀሶ በላይ የማውቀው የለም። «ሆድ ይፍጀው» ብለን ስንት ሰው ቀብረናል።

ለባለቤትሽ ምን ትይው? ምንም ማለት የለብሽም። ስዊድናዊቷ ሠዓሊ ሂልማ አፍ ክሊንት እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ፣ ካንዲንስኪም ወደዚያ ሳይደርስ፣ ትልልቅ ረቂቅ ሥዕሎች ትሠራ ነበር። ከሞተች 20 ዓመት ሳይሞላ ለሕዝብ እንዳይታዩ አለች። መደበቅም መብት ነው። ለእሱ ማሳየት ከፈለግሽ ግን «ምንድን ነው?» ሲልሽ አታስረጂው። «አንተን የቱ ጋ ነካህ?» በይው። «የትም» ካለሽ አትቀየሚ፤ ራት አቅርቢ፣ ወይ እሱ ያቅርብ። አንዳንዴ ከሦስት ቀን በኋላ ጫማውን እያሰረ «ያቺ ታች ያለችው ጥግ…» ብሎ ይጀምራል።

አረንጓዴው። ስለ ሌሎቹ ሁሉ «ጭቃ» ብለሽ አለፍሽ። በቀለሙ ለይተሽ የጠራሽው እሱን ብቻ ነው። ልትጥይው ያሰብሽውም እሱን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አሁን መመለስ የለብሽም። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፊና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አንድ ወር አቁሚው። ከወር በኋላ ገልብጪና እዪው። ያኔም ካስጠላሽ ነጭ ቀቢበት፤ አንድ ጥግ ላይ የእጅሽን መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ብቻ ተዪ። ከዚያ በላዩ ሌላ ሥሪበት። ኮምፔንሳቶ ውድ ነው።